አንዱን ብቻ ለውጡ፦ ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል የሳይንስ ሙከራ አነዳደፍ

ከባድ ነገር በክር ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ከቀላሉ ይፈጥናል? ይህን የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን ጠይቁና እጅ አስወጡ። ብዙዎቹ ከባዱ ይፈጥናል ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ከባዱ ይዘገያል ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩን መምህሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊዘጋው ይችላል። ባይዘጋው ግን ይሻላል። አንድ ሜትር ተኩል ክር፣ ጥቂት ዳዶዎችና የስልክ ሰዓት ካሉ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈርዱታል።

ግን አንድ ችግር አለ። ዝም ብለው ከሞከሩት የተሳሳተ መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። ያውም በቁጥር የተደገፈ የተሳሳተ መልስ። ሙከራ ስለተሠራ ብቻ እውነቱ አይወጣም። ሙከራው ፍትሐዊ መሆን አለበት። የምናወዳድራቸው ነገሮች ሆን ብለን ከፈጠርነው አንድ ልዩነት በቀር በሌላው ሁሉ እኩል መሆን አለባቸው ማለት ነው።

ይህ መመሪያ ለመካከለኛ ደረጃ መምህራን፣ ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስጠኑ ወላጆችና በራሳቸው መሞከር ለሚወዱ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። መጀመሪያ ፔንዱለሙን፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘውን ነገር፣ ከጥያቄ እስከ ድምዳሜ ይዘነው እንሄዳለን። ከዚያ ወደ ባቄላ እንሻገራለን፤ ሕይወት ያለው ነገር የራሱ ጣጣ አለውና።

1ኛ ደረጃ፦ ጥያቄውን ሊለካ የሚችል አድርጉት

"ፔንዱለምን የሚያፈጥነው ምንድን ነው?" ለጨዋታ ጥሩ መነሻ ነው። ለሙከራ ግን ሰፊ ነው። ለሙከራ የሚሆን ጥያቄ ሁለት ነገር በግልጽ ይናገራል፦ ምን እንደምንለውጥና ምን እንደምንለካ። የኛን ጥያቄ እንዲህ እናጥብበው፦ "የተንጠለጠለው ነገር ክብደት ሲጨምር፣ ፔንዱለሙ 10 ጊዜ ለመወዛወዝ የሚፈጅበት ጊዜ ይለወጣል?"

ተማሪዎች ሲቸገሩ ይህን ባዶ ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው፦ "____ ሲለወጥ ____ ይለወጣል?" ሁለቱን ባዶ ቦታ መሙላት ያቃተው ተማሪ ገና ሙከራ ለመጀመር አልደረሰም።

"የተሻለ"፣ "ጥሩ"፣ "ጠንካራ" የሚሉ ቃላት ጥያቄው ውስጥ ካሉ አውጧቸው። "የትኛው አፈር የተሻለ ነው?" የሚለውን ማንም መለካት አይችልም። በምኑ ነው የተሻለ? "በ14 ቀን ውስጥ የተክሉ ቁመት በሴንቲ ሜትር" ካልን ግን ማስመሪያ ይዘን መቆም እንችላለን።

2ኛ ደረጃ፦ ሊለወጥ የሚችለውን ሁሉ ዘርዝሩ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መምህሩ የሚለወጠውንና የሚለካውን ነግሮ በቀጥታ ወደ ሥራ ያስገባል። ተማሪው መመሪያ መከተል ይማራል፤ ሙከራ መንደፍ ግን አይማርም። እኔ ብሆን የክፍለ ጊዜውን ሩብ እዚህ ላይ ባጠፋ አይቆጨኝም።

ፔንዱለሙን አንዴ አወዛውዛችሁ አሳዩና "እዚህ ላይ ሊለያይ የሚችል ነገር ምን ምን አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚሉትን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ክብደቱ፣ የክሩ ርዝመት፣ ምን ያህል ወደ ጎን ተስቦ እንደተለቀቀ፣ ተለቀቀ ወይስ ተገፋ፣ የክሩ ዓይነት፣ የታሰረበት ቦታ ይነቃነቅ እንደሆነ፣ በመስኮት የሚገባው ነፋስ፣ ሰዓት የያዘው ልጅ። አንዱ "የክሩ ቀለም" ሊል ይችላል። አትሳቁበት፤ አትሰርዙትም። "ቀለሙ ፍጥነቱን በምን መንገድ ሊነካው ይችላል?" ብላችሁ ለክፍሉ መልሱለት። የማይነካ መሆኑን ራሳቸው ያስረዳሉ። ካላመኑ ደግሞ ሁሉም ነጭ ክር ይጠቀሙና ጉዳዩ ያበቃል።

3ኛ ደረጃ፦ ዝርዝሩን ለሦስት ክፈሉት

አሁን እያንዳንዱን ነገር ከሦስቱ አንዱ ቦታ አስገቡት።

የምንለውጠው፦ አንድ ብቻ ነው። ነፃ ተለዋዋጭ ይባላል፤ በእንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ኢንዲፔንደንት ቫርያብል ብለው ያውቁታል። እዚህ ክብደቱ ነው፦ 1 ዳዶ፣ 2 ዳዶ፣ 3 ዳዶ።

የምንለካው፦ ጥገኛ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ዲፔንደንት ቫርያብል። እዚህ ለ10 ውዝዋዜ የሚፈጀው ሰከንድ ነው።

ሳይለወጥ የምናቆየው፦ የቀረው ሁሉ። ቁጥጥር የሚደረግበት ተለዋዋጭ የሚባለው ይህ ነው።

ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያቀያይራሉ። ፈተና ላይም ነጥብ የሚያስጥላቸው ይሄው ነው። የሚለያቸው ቀላል ጥያቄ አለ፦ "ሙከራው ከመጀመሩ በፊት የማውቀው ቁጥር የትኛው ነው?" ስንት ዳዶ እንደማስር ትናንት ማታ መወሰን እችላለሁ። ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ግን ሳልሞክር አላውቅም። ቀድሜ የምወስነው ነፃው ነው፤ ጠብቄ የማገኘው ጥገኛው ነው።

ሦስተኛው ቦታ ላይ ጥብቅ ሁኑ። "ክሩ እኩል ይሁን" ብሎ መጻፍ አይበቃም። በቁጥር ይጻፍ፦ "ከታሰረበት ነጥብ እስከ ዳዶው መሃል 25 ሴ.ሜ."። "ትንሽ ወደ ጎን ስበን እንልቀቅ" ሳይሆን "በፕሮትራክተር 15 ዲግሪ"። አንግሉ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ አነስ እስካለ ድረስም እውነት ነው። ግን አንዱ ልጅ በ15 ዲግሪ፣ ሌላው በ60 ዲግሪ ቢለቅ የ60ው ውዝዋዜ ወደ 7 በመቶ ይረዝማል። ክብደቱን እየለካን ነው ስንል አንግሉን እየለካን እንገኛለን።

4ኛ ደረጃ፦ ተደብቆ አብሮ የሚለወጠውን አድኑ

ለኔ ዋናው ነገር እዚህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለወጥን ስንል ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ለውጠን እንገኛለን።

ተማሪው አንድ ዳዶ ያስርና ይለካል። ከዚያ ከሥሩ ሁለተኛውን ያንጠለጥላል፤ ከሱ ሥር ደግሞ ሦስተኛውን። በእሱ ዓይን የተለወጠው ክብደቱ ብቻ ነው፤ ክሩን አልነካውማ። ነገር ግን የፔንዱለም ርዝመት የሚለካው ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ክብደቱ መሃል ነው እንጂ እስከ ክሩ ጫፍ አይደለም። እያንዳንዱ ዳዶ 2 ሴ.ሜ. ቁመት አለው እንበል። አንድ ዳዶ ሲሆን መሃሉ ከቋጠሮው 1 ሴ.ሜ. ዝቅ ይላል። ሦስት ሲደረደሩ መሃላቸው 3 ሴ.ሜ. ዝቅ ይላል። 25 ሴ.ሜ. የነበረው ፔንዱለም ማንም ሳያስተውል 27 ሆነ ማለት ነው።

ውጤቱን እዩት። በ25 ሴ.ሜ. 10 ውዝዋዜ 10.0 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ27 ሴ.ሜ. ወደ 10.4 ይሄዳል። ተማሪው ደጋግሞ ቢለካ ያው 10.4 ይመጣለታል። እናም "ከባድ ነገር ይዘገያል" ብሎ ይጽፋል። አለካኩ ትክክል ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን ስህተት ነው። ያዘገየው የርዝመቱ መጨመር እንጂ ክብደቱ አይደለም። መድገም ብቻውን ከዚህ ዓይነት ስህተት አያድንም፤ ስህተቱም አብሮ ይደገማልና።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክሩን በሦስቱም ዳዶዎች ቀዳዳ አንድ ላይ አሳልፉና ጎን ለጎን፣ በአንድ ከፍታ እንዲሰበሰቡ አድርጉ። ወይም ዳዶ በጨመራችሁ ቁጥር ክሩን አሳጥራችሁ መሃሉ 25 ሴ.ሜ. ላይ መሆኑን እንደገና ለኩ።

ይህ የልጆች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሰው ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይወለዳል ብሎ ያምን ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ ሥጋ በማሰሮዎች ውስጥ አስቀመጠ። አንዳንዱን ክፍት ተወው፤ አንዳንዱን አሸገው። ትል የታየው ክፍቶቹ ውስጥ ብቻ ነበር። ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን እሽጉ ማሰሮ ዝንብ ብቻ አይደለም የከለከለው፤ አየርም ከልክሏል። "ትሉ ያልተወለደው አየር አጥቶ ነው" የሚል ተከራካሪ ቢመጣ ምን ይመለስለታል? ስለዚህ ሬዲ ማሰሮዎቹን አየር በሚያሳልፍና ዝንብ በማያስገባ ስስ ጨርቅ ሸፈነ። አሁንም ሥጋው ላይ ትል አልታየም። ዝንቦቹ ግን ጨርቁ ላይ እያረፉ እንቁላል ይጥሉ ነበር። ይህን ሥራ በ1668 እ.ኤ.አ. አሳተመው። የጨርቁ ዘዴ የሁለቱን ተለዋዋጮች ትስስር በጠሰ፦ አየሩ እንደነበረ ቀረ፣ ዝንቡ ብቻ ተለወጠ።

ለተማሪዎቻችሁ አንድ ቋሚ ጥያቄ ስጧቸው። ሰሌዳው ጥግ ላይ ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥም አይበዛም፦ "ይህን ስለውጥ፣ ሳላስበው ሌላ ምን አብሮ ይለወጣል?"

5ኛ ደረጃ፦ መላምት በእስክሪብቶ ጻፉ

መላምት ግምትና ምክንያት ነው። "ክብደቱ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ከባድ ነገር ወደ ታች በኃይል ይሳባል።" ስህተት ነው፤ ግን ግሩም መላምት ነው። በእስክሪብቶ ይጻፍና አይሰረዝ። መላምቱ ያልተሳካለትን ተማሪ ማርክ አትቀንሱበት። ከቀነሳችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ውጤቱን አይቶ መላምቱን ይጽፋል፤ ወይም ውጤቱን ለመላምቱ ያስተካክላል። ሁለቱም ሳይንስን ይገድላሉ።

6ኛ ደረጃ፦ አለካኩን አስቀድማችሁ ወስኑ

እርሳስ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉ፤ ጫፉ ወደ ውጭ ይውጣ። ክሩን እዚያ ላይ እሰሩ። እርሳሱ የሚነቃነቅ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አንድ ውዝዋዜ ማለት ሄዶ መመለስ ነው። ይህን ቀድማችሁ ካልተስማማችሁ ግማሹ ቡድን የሌላውን እጥፍ ይቆጥራል።

አንድ ውዝዋዜ ብቻ አትለኩ። ሰው ዓይቶ ሰዓቱን እስኪጫን ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ1 ሰከንድ ላይ የ0.2 ስህተት አንድ አምስተኛ ነው፤ ብዙ ነው። 10 ውዝዋዜ አንድ ላይ ከለካችሁ ግን ያው 0.2 ለ10 ሰከንድ ይከፋፈላል። አንድ ሃምሳኛ ብቻ ይሆናል። ውድ መሣሪያ ሳይገዛ የተገኘ ጥራት ነው።

ቆጠራው ከ"ዜሮ" ይጀምር። ሰዓቱ የተነሳበትን ቅጽበት "አንድ" ብሎ የጀመረ ልጅ 10 ሲል የቆጠረው 9 ውዝዋዜ ብቻ ነው። ይህን ስህተት በየቡድኑ ስትዞሩ በጆሯችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ።

ሥራ ተከፋፈሉ፦ አንዱ ይልቀቅ፣ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ሰዓት ይያዝ፣ አንዱ ይጻፍ። እስከ መጨረሻው አትቀያየሩ። ሰዓት ያዢው ራሱ ተለዋዋጭ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ሦስት ጊዜ ድገሙ፤ የሆነውን ሁሉ መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ክብደት ሦስት ጊዜ ለኩ። አማካዩን አስሉ። ሰንጠረዡ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ተሠርቶ ይጠብቅ፦ በስተግራ የምንለውጠው፣ ቀጥሎ ሦስቱ ልኬቶች፣ መጨረሻ ላይ አማካዩ። አሃዱ፣ ማለትም ሰከንድ ወይም ሴ.ሜ.፣ ርዕሱ ላይ ይጻፍ።

አንድ ቡድን 10.1፣ 9.9 እና 11.1 አገኘ እንበል። 11.1ን ምን እናድርገው? ዝም ብሎ ማጥፋት አይፈቀድም። ዝም ብሎ አማካይ ውስጥ መጨመርም ብልህነት አይደለም። አስቡበት፦ ከሌሎቹ የሚበልጠው በ1 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ይህ ደግሞ የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ ነው። ቆጣሪው አንዱን ዘሎ በ10 ፋንታ 11 ውዝዋዜ ሳይለካ አይቀርም። ቁጥሩን እንዳለ ጻፉ፣ አጠገቡ ጥርጣሬያችሁን ጻፉ፣ አራተኛ ጊዜ ለኩ።

ስለ ታማኝነት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ አፍልቶ በቴርሞሜትር የለካ ተማሪ ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያነባል። መጽሐፉ 100 ይላል። ብዙ ልጆች ደብተራቸው ላይ 100 ይጽፋሉ፤ የራሳቸው ዓይን ያየውን ጥለው። 92ቱ ግን ትክክል ነው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። 100 ብሎ የጻፈ ልጅ አንድ ትልቅ ግኝት በእጁ ይዞ ነው የጣለው። ያየውን የጻፈውን አመስግኑት።

8ኛ ደረጃ፦ ቁጥሮቹ ምን እንዳሉ አንብቡ

በ25 ሴ.ሜ. ላይ ለ1፣ ለ2 እና ለ3 ዳዶ አማካዮቹ 10.0፣ 10.1 እና 9.9 ሆኑ እንበል። ተማሪው "2 ዳዶ ከሁሉም ይዘገያል" ሊል ይችላል። ወደ ሰንጠረዡ መልሱት። በአንዱ ክብደት ብቻ ሦስቱ ልኬቶች መካከል የ0.2 ልዩነት ካለ፣ በክብደቶቹ መካከል የታየው የ0.1 ወይም የ0.2 ልዩነት ምንም ማለት አይደለም። ልዩነት አለ የሚባለው በቡድኖች መካከል ያለው ከድግግሞሽ መካከል ካለው ጎልቶ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ድምዳሜው "ክብደት ለውጥ አላመጣም" ይሆናል። ይህ የከሸፈ ሙከራ አይደለም። ሁለቱንም የክርክር ወገን መልስ አሳጥቷል።

አሁን ሚናዎቹን ቀያይሩ። ክብደቱ 1 ዳዶ ሆኖ ይቆይ፤ ርዝመቱ ይለወጥ። 25፣ 50፣ 75 እና 100 ሴ.ሜ.። በጥንቃቄ የሠራ ቡድን ወደ 10.0፣ 14.2፣ 17.4 እና 20.1 ሰከንድ የሚጠጋ ያገኛል። ግራፉን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሥሩ፤ የምንለውጠው በአግድሙ፣ የምንለካው በቋሚው መስመር። ነጥቦቹ በማስመሪያ አይገናኙም፤ መስመሩ ይጎብጣል። ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ሁለት እጥፍ ብቻ መሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው እስኪያዩት ጠብቁ። አትንገሯቸው።

በነገራችን ላይ፣ የምንለውጠው ነገር ቁጥር ካልሆነ፣ ለምሳሌ የአፈር ዓይነት ከሆነ፣ ነጥብ ማገናኘት ትርጉም የለውም። የዓምድ ግራፍ ተጠቀሙ።

ባቄላ ላይ ሲመጣ

ዳዶ ከዳዶ አይለይም። ባቄላ ከባቄላ ግን ይለያል። አንዱ ያረጀ፣ አንዱ የተነቀዘ፣ አንዱ ጭራሽ የማይበቅል ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጨመራል፦ ብዛትና ማነጻጸሪያ።

ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ "በውሃው ውስጥ ያለው ጨው ሲጨምር፣ በ5 ቀን ውስጥ የሚበቅሉት ባቄላዎች ቁጥር ይለወጣል?" ሚዛን ከሌላችሁ በ1 ሊትር ውሃ ሁለት ልክ የሆነ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። ይህ "ሙሉ" ነው። ከሱ ወስዳችሁ በእኩል ንጹሕ ውሃ ቀላቅሉ፤ "ግማሽ" ሆነ። ግማሹን እንደገና በእኩል ውሃ አቅጥኑ፤ "ሩብ" ሆነ። አራተኛው ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው። ባቄላው ከገበያ ሲገዛ ክክ ወይም የተቆላ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ።

80 ፍሬ ቆጥራችሁ በአንድ ሳህን ቀላቅሉና ሳታዩ እያነሳችሁ ለአራቱ ዕቃ 20፣ 20 አከፋፍሉ። "ትልልቆቹን ለዚህኛው" የሚል ምርጫ፣ ሳይታወቀን እንኳ ቢሆን፣ ሙከራውን ያበላሻል። እያንዳንዱ ዕቃ ውስጥ እኩል ሶፍት አንጥፉ፣ በሲሪንጅ እኩል ውሃ ጨምሩ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ አስቀምጡ።

ንጹሕ ውሃ ያለበት ዕቃ ማነጻጸሪያችን ነው። ለምን ያስፈልጋል? ሙሉ ጨው ካለበት ዕቃ 20 ውስጥ 9 ብቻ በቀሉ እንበል። ጥፋተኛው ጨው ነው? በንጹሕ ውሃም 10 ብቻ በቅለው ከሆነ ጨዉን አትውቀሱ፤ ዘሩ ራሱ ደካማ ነው። በንጹሕ ውሃ 18 በቅለው ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው። ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት ከምን እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ አይታወቅም። ሳይለወጥ ከምናቆየው ጋር አታምታቱት፦ ያኛው በሁሉም ዕቃ እኩል የሚሆን ነገር ነው፤ ይህ ግን የምንለውጠው ነገር የሌለበት አንድ ሙሉ ዕቃ ነው።

"በቀለ" ማለት ምን ማለት እንደሆነም ቀድማችሁ ወስኑ። "ነጭ ሥሩ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ከታየ በቅሏል" ጥሩ ነው። ይህ ካልተወሰነ ቆጣሪው ለሚፈልገው ዕቃ ደግ፣ ለማይፈልገው ጨካኝ ይሆናል። ከተቻለ ዕቃዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላችሁ ሰይሙና የትኛው ጨዋማ እንደሆነ ለማያውቅ ልጅ አስቆጥሩ።

የ4ኛውን ደረጃ ጥያቄ እዚህም አንሱት። ዕቃው ክፍት ከሆነ ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። በ3ኛው ቀን "ግማሽ" ያላችሁት ግማሽ አይደለም። በላስቲክ ሸፍኑት፤ ሁሉንም በእኩል።

ከአድዋ ወንዝ ዳር

ይህ አስተሳሰብ ከክፍል ውጭ የት እንደሚያደርስ ለማሳየት የኢትዮጵያዊውን ሳይንቲስት የዶ/ር አክሊሉ ለማን ታሪክ ከመንገር የተሻለ አላውቅም። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠና ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችሁን አቁሟቸው። ቀንድ አውጣዎቹን የገደለው እንዶድ ነው? ልብስ በሚታጠብበት ቦታ እኮ ከእንዶድ ሌላ ብዙ ነገር አለ። የልብስ እድፍ አለ። የሰው እንቅስቃሴ አለ። የውሃው ፍሰትና ጥልቀትም ሊለይ ይችላል። ሁሉም አንድ ላይ ተለውጠዋል። እሱ ያደረገው ነገሩን ከወንዙ ማውጣት ነው፦ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ የእንዶድ አረፋ አስጨመረ። ሞቱ። ከዚያ በኋላ የዓመታት ጥናት ተከተለ። በ1989 እ.ኤ.አ. እሱና የሥራ ባልደረባው ዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ተማሪዎቻችሁ ሙከራውን በወረቀት ይንደፉት፦ ምን ይለወጣል? ምን ይለካል? በየዕቃው ስንት ቀንድ አውጣ? የየትኛው ወንዝ ውሃ? ከስንት ሰዓት በኋላ ይቆጠራል? ማነጻጸሪያው ዕቃ ውስጥ ምን አለ? ወንዝ ወርደው እንዳይሞክሩት ግን አስጠንቅቁ፤ ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በውሃው ነው።

ሁለት መለማመጃዎች

የመጀመሪያው፦ አንዲት ተማሪ ላቀች የተባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ፈጥኖ ውሃ ያፈላ እንደሆነ ልትፈትሽ ነው። እኩል ከሰል መዘነች፣ 1 ሊትር ውሃ ለካች፣ ያንኑ ብረት ድስት ተጠቀመች። መጀመሪያ በቆርቆሮው አፈላች። ውሃውን ደፍታ ወዲያው አዲስ ውሃ ጨመረችና በላቀች አፈላች። የት ላይ ተሳሳተች? ድስቱ ለሁለተኛው ዙር ትኩስ ሆኖ ነው የገባው። ስለዚህ ላቀች ያለ ውድድር ቀድሟል። ድስቱ ይቀዝቅዝ፤ የውሃው መነሻ ሙቀት በሁለቱም ይለካ፤ ክዳኑም በሁለቱም ይከደን ወይም በሁለቱም አይከደን። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፣ ላቀች ይቅደም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። አንድ ቡድን የዳቦ እርሾ በየትኛው ሙቀት ብዙ ጋዝ እንደሚያወጣ መለካት ፈለገ። በሦስት ባዶ ሃይላንድ ውስጥ እኩል እርሾ፣ እኩል ስኳርና እኩል ውሃ አደረጉ። አፋቸው ላይ ፊኛ አለበሱ። አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ፣ አንዱን ለብ ባለ፣ አንዱን ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ አቆሙ። ከ30 ደቂቃ በኋላ የፊኛውን ዙሪያ በክር ለኩ። ሁሉም ነገር እኩል ይመስላል። ግን ሃይላንዱ ውስጥ ያለው አየር ራሱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ እርሾ ባይኖርም ፊኛውን ትንሽ ይነፋዋል። ሙቀቱን ስንለውጥ የአየሩ መጠን ተደብቆ አብሮ ተለወጠ። መውጫው ለእያንዳንዱ ባልዲ ሁለተኛ ሃይላንድ ማዘጋጀት ነው፤ ስኳርና ውሃ ያለው፣ እርሾ የሌለው። እርሾ ባለው ፊኛና በሌለው ፊኛ መካከል ያለው ልዩነት ነው የእርሾው ሥራ።